እርሳስ

ሞጣ ሆስፒታል ጓሮ፣ አንድ የራጅ ክፍል አለ፤
በበሩ አናት ቀይ አምፖል፣ ካቻምና የተቃጠለ።
እዚያ ነው የኖርሁት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
የሰው አጥንት ሳነብ፣ በጨለማ ቤት።

በሬ የረገጠው እግር፣ ሳንቲም የዋጠ ልጅ፣ ከበቅሎ የወደቀ ቄስ፤
«ትንፋሽ ያዝ» እላለሁ፣ «አትንቀሳቀስ!»
ከዚያ፣ ጠቅ።
ጨረሩ አይሸት፣ አይጮኽ፣ አይሞቅ፤
ሲገባ «ቤቶች» አይል፣ ሲወጣ «ደኅና ዋሉ»፤
ያልፋል ብቻ፣ በርና ግድግዳ «ይለፍ» ካሉ።

ለደረቴ የተሰጠች አንዲት ባጅ ነበረች፣
የጠጣሁትን ጨረር የምታወራ፣ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እየሄደች።
«ነገር አመላላሽ» ብዬ ስም አወጣሁላት፤
ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባት።
ለምን ቢሉ፣ ማሽኑ ቢዘጋ ሌላ ማሽን የለም፤
የተሰበረ እግር የባሕር ዳርን መንገድ በሚኒባስ አይችልም።
እንዲህ አልሁ ለራሴ። እውነቱን ካላችሁኝ፣
የተረኛ ክፍያዬ እንዳይቀር ሰጋሁኝ።

ኅዳር፣ ማክሰኞ ቀን፣ አቧራ የለበሰ መኪና መጣ።
ባለሥልጣን ስንጠብቅ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ ደቃቃ ሴት፤
ይታይሽ ትባላለች። ስም አውጪው ሥራዋን ቀድሞ አውቆላት።
ሻይ አቀረብን፤ «ኋላ» አለች።
መዝገብ ገለጠች።
«ዜሮ» አለች። «ዜሮ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዜሮ።
አቶ አንሙት፣ ሠርተው አያውቁም ወይ፣ እስከ ዘንድሮ?»
ንጹሕ ውሸት ነበረኝ፤ ንጽሕናው አጋለጠኝ፤
የስንቱን ውስጥ ያየሁትን፣ አንዲት ሴት በቁሜ ራጅ አነሣችኝ።

ከዚያ ቢጫ ሣጥን ይዛ ወጣች፣ ወደ ግንቡ ጀርባ።
እዚያ አግዳሚ ወንበር አለ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፤
ባንቺአምላክ ጠርጋ ስትጨርስ፣ ወገቧን ለግንቡ የምትሰጠው።
ስድስት ወሯ ነው።
«ተነሽ እህቴ» አለቻት። ለእኔ፣ በመስኮት፣ «አሁን!»
ጠቅ አደረግሁ፣ ባዶውን አልጋ።
ሣጥኑ ተንጣጣ፣ እንደ ሽምብራ ቆሎ፤
አፍ የሌለው ነገር ተናገረ፣ ግንብ ተሻግሮ፣ አደባባይ ውሎ።

ግንቡ በእርሳስ ተለብጧል ይላል የርክክቡ ሰነድ፤
ሲፈለፈል ብሎኬት ነው፤ ብሎኬትና አመድ።
እርሳሱ የት ገባ አትበሉ፤ የእርሳስ ወጉ ነው፣
ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ግንብ ድረስ ማን ያምጣው?

በሩ ታሸገ።
ከግንደወይን የመጣ ሰው፣ ክንዱን በነጠላ ያንጠለጠለ፣
«እሷ ማታ ትሄዳለች፤ እኔስ?» እያለ
ተራገመ። እርሱም ልክ ነው፤ እሷም ልክ ናት፤
ሁለት ልክ በአንዲት ጠባብ በር እንዴት ይለፍባት?
ከፊት ወንበር አስቀመጠችው፣ ወሰደችው ባሕር ዳር።
አራቱ ግን ቀሩ፣ ከአጥር ሥር፣ ከእኔ ጋር።

ሳትሄድ ጠየቅኋት፣ ሪፖርቱን ስትጽፍ ቆማ፣
«በእስክሪፕቶ አይሻልም ወይ፣ ለእንዲህ ያለ ፊርማ?»
«እርሳስ ዝናብ አያጠፋውም» አለች፣ ጉማጁን ከጆሮዋ ላይ ሰክታ።
እኔም ቆጠርሁ፣ አንድ ጣት አይሞላም፤
ከዚያ የሚበልጥ እርሳስ፣ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

አሁን መጋቢት ነው። ግንቡ እየፈረሰ ነው፣ ወይም ሊፈርስ ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው።
አግዳሚውን ከዋንዛው ሥር አዛወርነው።
«ይራገጣል» አለችኝ ባንቺአምላክ ትናንት፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ።
ደስ አለኝ። ዐይኔን ግን አላየችም።

ባጇን ደረቴ ላይ ሰክቼ እመጣለሁ፣ በየጠዋቱ፣
ከታሸገው በር ፊት እቀመጣለሁ እስከ ሰዓቱ።
በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች፣ ታወራለች የኖረችውን ኑሮ።
መልሱን አውቀዋለሁ።
ዜሮ።
ይኸኛው ግን እውነተኛ ዜሮ።